«የምሥራቅ አሳብ»፥ «የምዕራብ አሳብ» እና የገለምሶ ሰው

ስለ ሰው ልጅ አስተሳሰብ ከሚሰጡት ጠቅላላ ፍርዶች መካከል፥ ምዕራባዊው ነገሩን ከአካባቢው ለይቶ በዓይነቱ ይመድባል፤ እስያዊው ግን ከዙሪያው ጋር ባለው ግንኙነት ያየዋል የሚለው በሰፊው የታወቀ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሪቻርድ ኒዝቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው መጽሐፍ ይኽንኑ አሳብ አስፋፍቶታል። ለማስረጃ ከሚጠቀሱት ፈተናዎች አንዱ፥ ላም፥ ዶሮና ሣር ቢቀርቡ የትኞቹ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ የሚል ነው። ላምንና ዶሮን ያጣመረ ሰው በእንስሳነታቸው መድቧቸዋል፤ ላምንና ሣርን ያጣመረ ግን ላም ሣር መብላቷን ተመልክቷል።

ይኽ ክፍፍል ወደ ምዕራብ ሐረርጌ ሲመጣ መቆሚያ ያጣል። የገለምሶ ገበሬ ከየትኛው ወገን ሊቈጠር ነው? ከብት ላለው ሰው የላምና የሣር ነገር የዕለት ጭንቀቱ ነውና፥ ሁለቱን ቢያጣምር እስያዊ አያሰኘውም። የሶቪየት ኅብረቱ ሊቅ አሌክሳንደር ሉሪያ እ.ኤ.አ. በ1931 እና በ1932 በኡዝቤኪስታን ባደረገው ምርመራ፥ ፊደል ያልቈጠሩት ገበሬዎች መጋዙንና መጥረቢያውን ከግንዱ አንለይም ሲሉ፥ ጥቂት የተማሩት የአገራቸው ልጆች ግን መሣሪያዎቹን ለብቻ መድበዋል። አህጉሩ አንድ፥ መልሱ ሁለት። ኒዝቤት ራሱ ከአይሼ ኡስኩልና ከሺኖቡ ኪታያማ ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጥናት፥ በቱርክ የጥቁር ባሕር ዳርቻ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ከእረኞች ይልቅ ነገሩን ከዙሪያው ጋር አያይዘው እንደሚያዩ ተገልጿል። ደጋ አራሽና ቆላ አርቢ ጎን ለጎን በሚኖሩበት በሐረርጌ እንዲህ ያለ ምርመራ ቢደረግ ብዙ ባስተማረ ነበር።

የአንድ ሰው አሳብ ደግሞ እንደ ሥራው ይለዋወጣል። የገለምሶ የጫት ነጋዴ፥ ጫቱ ሳይጠወልግ ገበያ መድረስ ስላለበት፥ እስሩን በደረጃው ለይቶ፥ ሰዓቱንና ዋጋውን አስልቶ ይልካል። ያው ሰው ለሽምግልና ሲቀመጥ ግን ከበደሉ ይልቅ ዝምድናውን፥ ጉርብትናውንና የነገውን ኑሮ ይመዝናል። ለረቂቅ ስሌትም ቢሆን የአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም። ኦዳ ቡልቱም የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ስፍራ በዚያው በምዕራብ ሐረርጌ ይገኛል። በገዳ ደንብ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ምድቦቹ 5 ናቸውና በአባትና በልጅ ተራ መካከል 40 ዓመት ይቈጠራል። የሰውዬውን ስፍራ የሚወስነው መልኩ ወይም ዕድሜው ሳይሆን ይኽ ቍጥር ነው።

ጉዳዩ የሚከብደው በትምህርት ቤት ነው። «የባላገር ልጅ ረቂቅ ነገር አይገባውም» ብሎ የመጣ መምህር፥ ተማሪው ላምን ከሣር ጋር ሲያጣምር ስሕተት ብሎ ያርመዋል፤ ልጁም ምክንያቱን ሳይጠየቅ ይቀመጣል። ቢጠየቅ ኖሮ፥ ሁለቱንም አመዳደብ ያውቅ እንደ ሆነ ወዲያው በታወቀ ነበር።