ከደጅ እስከ እልፍኝ

ሹም አቦ ሰፈር ወደሚገኘው የሥራ ክፍሌ የቤት ንድፍ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ሁሉ፣ ከይዞታ ካርታው ጋራ አስቀድሞ በልቡ ያነጸውን ሌላ ቤት ይዞ ስለሚመጣ፣ ማስመሪያ ከማንሣቴ በፊት ያንን ለዓይን ያልተገለጠ ሕንጻ በጥሞና ማዳመጥ ይገባኛል። ባለፈው ክረምት የመጡ አንድ የጎጃም ሽማግሌም፣ ወረቀቱን ዘርግቼ ምን ዓይነት ቤት እንደሚሹ ብጠይቃቸው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ «ልጄ፣ እንደ ፊታውራሪ መሸሻ ያለ፣ ሲያዩት የሚከበር» አሉኝ።

ፊታውራሪ መሸሻ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ናቸው፤ ሽማግሌው መጽሐፉን ያወቁት፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው በጆሯቸው ነው። እኔም በዚያ ሌሊት መጽሐፉን ገልጬ ቤቱን እንደ ባለሙያ ልለካው ብሞክር፣ ከግድግዳውና ከጣሪያው ይልቅ በልቤ ተቀርጾ የቀረው ርቀቱ ሆነ፤ ከአጥሩ በር እስከ አዳራሹ፣ ከአዳራሹም እስከ እልፍኙ ያለው፣ በዘር ሐረግ የሚለካው ርቀት።

የመኳንንቱን ቤት ትእምርት ቋንቋችን ራሱ ጠብቆ አቆይቶታል፤ ሹመት የሚለምን ሰው ደጅ ይጠናል፣ ታላቁ የጦር ሹም ደጃዝማች ይባላል፣ ወደ ጌታው የሚገባውንና የማይገባውን የሚለየው ባለሟል ደግሞ እልፍኝ አስከልካይ ነው። ጣና ዳር አድጎ በዑራ ኪዳነ ምሕረት ያስቀደሰ ሰው ይህን ሥርዓት ለመረዳት አይቸገርም፤ ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት፣ ከቅድስትም ወደ መቅደስ በተገባ ቍጥር የሚገባው ሰው እየተመረጠ ይሄዳልና። ፊታውራሪ መሸሻ ግን ለታቦት የሚገባውን ክብር ለዘራቸው አደረጉት፤ በመቅደሱም ስፍራ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን አኖሩ፤ በትውልድ የሚተካከላት ባል ታጣ እየተባለ ወጣትነቷ በዚያው አለፈ። ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት የማንኩሳው የባላገር ልጅ በዛብህ፣ ጭፍራው ሁሉ በጋሻና በጦር ያልደረሰበትን እልፍኝ፣ ሊያስተምራት ተጠርቶ በፊደል ደረሰበት። ቤቱ የፈረሰው ያን ቀን ነው እላለሁ፤ አንድ ድንጋይ እንኳ ሳይነቃነቅ።

ደራሲው በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በእንዶዳም ተወልደው፣ በደብረ ኤልያስና በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀሰሙ ሰው ናቸው። ያ አገር የቆሎ ተማሪ አገር ነው። የቆሎ ተማሪ ደግሞ አኰፋዳውን አንግቦ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ትልቁን ቤት የሚያውቀው በውሻው ጩኸት፣ በወጡ ሽታና በበረኛው ፊት ነው፤ ከደጅ ቆሞ ያየ ዓይን ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ቤት ሊጽፍ የሚችል አይመስለኝም። በደርግ ዘመን በእስር ላይ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ልብ ወለድ በሲጋራ ወረቀት ላይ ተርጉሞ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ያለው ነቢይ መኰንን፣ ታራ የተባለውን ሰፊ የእርሻ ቤት ከጠባብ ክፍል ሆኖ በአማርኛ ማነጹን ሳስብ፣ ይህ እምነቴ ይጸናል።

ሽማግሌው በሳምንቱ ሲመለሱ ሰፊ ሳሎን፣ የሚያምር ደረጃና ሁለት ዓምድ ያለው ንድፍ አቀረብሁላቸው። አመልካች ጣታቸውን ከአጥሩ በር አስነሥተው በቀስታ እስከ ሳሎኑ ወሰዱና፣ መልሰው በሩ ላይ አቆሙት።

«ጕዳይ ይዞ የመጣ ሰው የት ያርፋል?»

በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋራ በአንድ ሹም ደጅ ሦስት ቀን በዝናብ መቆማቸውን የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። እርሳሴን አንሥቼ ከአጥሩ ውጭ፣ ከበሩ ግራና ቀኝ፣ የድንጋይ መደብ ከነቆርቆሮ ክዳኑ ሣልሁ። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ቆርቆሮውን ወደ ውጭ አርዝመው፤ የተቀመጠው ሰው እግሩ እንዳይርስ» አሉኝ።

ግማሽ ሜትር ጨመርሁበት።