የቤት ፈንድ ለቦንጋ፦ የጋራ አደራ እንዴት ይሠራል?

ቦንጋ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ የካፋ ዞን ከተማ ብቻ አይደለችም። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ከተርጫ፣ ከሚዛን አማንና ከቴፒ ጋር የክልሉን መቀመጫነት ተጋርታለች፤ የርዕሰ መስተዳድሩ ጽሕፈት ቤትም እዚሁ ነው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ 21 ሺህ ያህል ነዋሪ የነበራት ከተማ ዛሬ የክልል ቢሮዎችንና ዩኒቨርሲቲን ተሸክማለች። መሥሪያ ቤት በተከፈተ ቁጥር የሚመደበው ሠራተኛ ማደሪያ ይፈልጋል።

ደመወዝተኛው ቤት የሚሠራው ጥቂት ጥቂት እየጨመረ ነው። መጀመሪያ የባሕር ዛፍ ምሰሶና ማገር፣ ቀጥሎ ቆርቆሮ ይገዛል። ዝናብ የሚበዛበት አገር ስለሆነ ጣሪያው ከግድግዳው ይቀድማል፤ በጭቃና በጭድ የሚመረገው ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ምርጊት እስኪደርቅ ይጠበቅና ሁለተኛው ይደገማል። መሠረቱ በድንጋይ ካልታነጸ የጣሪያው ፍሳሽ የግድግዳውን እግር ይበላዋል። ሥራው የሚጓተተው ባለሙያ ጠፍቶ አይደለም፤ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ስለማይገኝ ነው። ዘንድሮ ቆርቆሮውን የገዛ ሰው ሲሚንቶውን ለከርሞ ሲያቆየው፣ በከርሞ ዋጋ ይገዛዋል።

ለቤት የሚሆን የረጅም ጊዜ ብድር በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የቤትና ቁጠባ ባንክ ለቤት ሠሪ ማኅበራት በቅናሽ ወለድ ያበድር ነበር። ኋላ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተጠቃለለ። የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብርም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች ተስፋፍቶ ነበር። በክልሎቹ ግን በ2002 ዓ.ም. ገደማ ቆመ፤ ቤቱን ለመግዛት የብዙው ነዋሪ አቅም አልፈቀደም፣ ፎቅ ላይ የመኖር ፍላጎቱም አነስተኛ ነበር። ለትንሽ ከተማ የሚስማማው መንገድ ሌላ መሆን እንዳለበት የማምነው ለዚህ ነው።

እንዲህ ካሉ መንገዶች አንዱ የቤቶች አደራ ፈንድ ነው። ባንክ አይደለም፣ የመንግሥት ቢሮም አይደለም። መንግሥትና የግሉ ዘርፍ በጋራ ያዋጡት፣ የራሱ ሕጋዊ ሰውነትና ቦርድ ያለው፣ ለአንድ ዓላማ ብቻ የሚውል ሀብት ነው። በዓመቱ መጨረሻ ያልወጣ ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት አይመለስም፤ ባለሥልጣን ሲቀየርም ዓላማው አይቀየርም።

አሠራሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ቤት 800 ሺህ ብር ይፈጃል እንበል። ቤተሰቡ 160 ሺህ ይቆጥባል፣ ባንክ 400 ሺህ ያበድራል፣ የጎደለውን 240 ሺህ ፈንዱ በአነስተኛ ወለድ ይሞላል። ብድሩ ሳይከፈል ቢቀር ከቤቱ ሽያጭ ባንኩ ቀድሞ ይወስዳል፤ ፈንዱ ሁለተኛ ይሰለፋል። ባንክ ለመምህርና ለነርስ ለማበደር የሚደፍረው በዚህ ዋስትና ነው። 24 ሚሊዮን ብር ያለው ፈንድ ሙሉ ወጪ ልሸፍን ቢል 30 ቤት ላይ ያበቃለታል፤ ጉድለት ብቻ ቢሞላ 100 ቤት ያሠራል። ብድሩ በ10 ዓመት ቢመለስ ደግሞ በየዓመቱ ለሌላ 10 ቤተሰብ የሚሆን ገንዘብ ይገባል።

መሬቱ የመንግሥት ድርሻ ነው። የከተማ ቦታ በሊዝ የሚያዝበት አዋጅ ቁጥር 721/2004 መንግሥት ለሚፈቅዳቸው የቤት ልማት ፕሮግራሞች ቦታ በምደባ እንዲሰጥ ይፈቅዳል።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ሐሳብ አይደለም። በካሊፎርኒያ የሳንታ ክላራ አካባቢ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመ የቤቶች አደራ ከአካባቢ መንግሥታት፣ እንደ ኢንቴል ካሉ ኩባንያዎችና ከግለሰቦች በሁለት ዓመት ውስጥ 20 ሚሊዮን ዶላር አሰባስቧል። ኩባንያዎቹን የገፋቸው ሠራተኛ በቤት ዋጋ ምክንያት እየራቀ መቸገራቸው ነው። ለቦንጋ የሚቀርበው ግን የኬንያዋ ትንሽ ከተማ የቮይ ልምድ ይመስለኛል። እዚያ ታንዛኒያ ቦንደኒ በተባለ ሰፈር መሬቱ በነዋሪው የጋራ አደራ ተይዞ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ቤት እንዲሠራ ተደረገ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ መሬቱ የጋራ ከሆነ ርካሽ ቦታ የደረሰው ሰው በማግሥቱ አትርፎ ሊሸጠው አይችልም፤ ድጎማውም በአንድ ሰው ኪስ አይቀርም።

እንዲህ ያለውን ፈንድ ሁለት ነገሮች ሊያከስሙት ይችላሉ። የመጀመሪያው የዋጋ ንረት ነው። ዛሬ የተበደሩት 240 ሺህ ብር ከአሥር ዓመት በኋላ ሲመለስ የቤቱን ሩብ ያህል እንኳ ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ ክፍያው ከደመወዝ ጋር አብሮ እንዲያድግ በመቶኛ መታሰር፣ በየዓመቱም አዲስ መዋጮ መግባት አለበት። በካፋ ይህ መዋጮ ከቡና ሊመጣ ይችላል። የካፋ የጫካ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በተናጠል አቅም ያልነበራቸውን ማኅበራት አሰባስቦ ለውጭ ገበያ አብቅቷል፤ አብሮ ማዋጣት ለአካባቢው እንግዳ አይደለም።

ሁለተኛውና የከፋው እምነት ማጣት ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያወጣችው የ25,491 ቤቶች ዕጣ የመረጃ ማጭበርበር ተገኝቶበት ተሰርዟል፤ ዓመታት የቆጠበ ሰው ስሙ ይውጣ አይውጣ ሳያውቅ ሰነበተ። ፈንድ ቢቋቋም የተመዝጋቢዎች ዝርዝርና ተራ በከተማው ማስታወቂያ ሰሌዳ በግልጽ መለጠፍ፣ ሒሳቡም በገለልተኛ ኦዲተር በየዓመቱ መመርመር አለበት። በቦርዱ ከክልሉ፣ ከአዋጪ ድርጅቶችና ከቆጣቢዎቹ ማናቸውም ብቻቸውን በድምፅ የሚበልጡበት ሁኔታ መኖር የለበትም።

ሕጉም መነሻ አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 516 ጀምሮ ለተወሰነ ዓላማ በባለአደራ የሚተዳደር ንብረት እንዴት እንደሚቋቋም ይደነግጋል፤ ክልሉም በምክር ቤቱ አዋጅ የራሱን ማቋቋም ይችላል። ከካፋ ቡና የምታተርፉ ላኪዎችና ባንኮች፣ ሠራተኛ ቀጥራችሁ የምታቆዩ መሥሪያ ቤቶች፣ ክልሉ እስኪጠራችሁ አትጠብቁ፤ ምን ያህል እንደምታዋጡ ቀድማችሁ ተናገሩ። የክልሉ ምክር ቤት ደግሞ 30 ቤት የሚያስቀምጥ አንድ ቦታ ለይቶ ይጀምር።