ጆን ሮስ የማን ልጅ ነው?

ስለ ቸሮኪ ሕዝብ መሪ ስለ ጆን ሮስ ባነበብኩ ቁጥር አንድ አረፍተ ነገር ያናድደኛል፦ «ከስምንት እጅ ሰባቱ ነጭ፣ አንዱ እጅ ብቻ ቸሮኪ።» ስሌቱ ልክ ነው። ግን ሰውየውን ከ1828 እስከ 1866 (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ዋና አለቃ አድርገው ያቆዩት ቸሮኪዎች ሰውን እንዲህ አይቆጥሩም ነበር። እነሱ እንዴት ይቆጥሩ እንደነበር ልንገራችሁ።

ከቅድመ አያቱ እንነሳ። ጊጉዊ ከወፍ ጎሳ የተወለደች ቸሮኪ ናት። የእንግሊዞች አስተርጓሚ የነበረውን ዊሊያም ሾሪን አገባች። ሾሪ በ1762 የቸሮኪ አለቆችን አጅቦ ወደ ለንደን ሲጓዝ ባሕር ላይ ሞተ። ልጃቸው አን ከኢንቨርነስ የመጣውን ስኮትላንዳዊ ነጋዴ ጆን ማክዶናልድን አገባች፤ ሞሊንም ወለደች። በ1785 ደግሞ ዳንኤል ሮስ የሚባል ሌላ ወጣት ስኮትላንዳዊ ሸቀጥ በጀልባ ጭኖ በቴነሲ ወንዝ ሲወርድ ቺካማውጋ የተባሉ የቸሮኪ ተዋጊዎች ያዙት። ማክዶናልድ ደርሶ አማለደው፤ እዚያው ቆይቶ እንዲነግድም አግባባው። ብዙም ሳይቆይ የማክዶናልድ አማች ሆነ። ጆን ሮስ ከዳንኤልና ከሞሊ ጥቅምት 3 ቀን 1790 ዛሬ አላባማ በምትባለው ግዛት፣ ተርኪታውን በተባለች መንደር ተወለደ።

አሁን ሐረጉን በሴቶቹ በኩል ተመልከቱት። ባሎቹ ሦስት ትውልድ ሙሉ ከውጭ የመጡ ነጮች ናቸው። ከጊጉዊ ወደ አን፣ ከአን ወደ ሞሊ፣ ከሞሊ ወደ ጆን የወረደው የእናት መስመር ግን አንድም ቦታ አልተቋረጠም። ቸሮኪዎች ሰባት ጎሳ አላቸው፤ ልጅ የሚወርሰው የእናቱን ጎሳ ነው። አባት የፈለገው አገር ሰው ይሁን፣ ጎሳ አያወርስም። ልጁን የሚገሥጸውና የሚመክረው አጎቱ፣ የእናቱ ወንድም ነበር። በጥንቱ ሥርዓት ሰው ቢገደልበት ደሙን የሚመልስለትም ጎሳው ነበር። ጎሳ ያለው ሰው ሙሉ ቸሮኪ ነበር፤ ሩብ ወይም ስምንተኛ ብሎ ነገር አልነበረም። ጆን ሮስ የወፍ ጎሳ ልጅ ነበር፤ በቃ።

ስለ ልጅነቱ የሚነገር ታሪክ አለ። የእሸት በቆሎ በዓል ሲደርስ ቤተሰቡ አዲስ የነጭ ልጅ ልብስ አለበሱት። እኩዮቹ «ነጩ! ነጩ!» እያሉ ሳቁበት። በማግስቱ እያለቀሰ እንቢ አለ፤ አያቱም ልብሱን አውልቃ እንደ ሌሎቹ ልጆች ሸሚዝና የቆዳ ጫማ አደረገችለት። ልብ በሉ፣ ልጆቹ የሳቁት በልብሱ ነው። የእነሱ ወገን መሆኑን ግን ማንም አልጠየቀም።

ሲያድግ ቸሮኪኛ አቀላጥፎ አይናገርም ነበር፤ ሸንጎ ላይ በእንግሊዝኛ ሲናገር አስተርጓሚ ይቆምለት ነበር። ሆኖም ደማቸው ያልተቀላቀለው፣ እንግሊዝኛ የማይሰሙት ገበሬዎች ናቸው አጥብቀው የተከተሉት። ጥቂት ቸሮኪዎች በታኅሣሥ 1835 ኒው ኢቾታ በተባለ ቦታ አገሩን ለአሜሪካ መንግሥት በውል አሳልፈው ሲሰጡ፣ ሮስ ከ15,000 በላይ ስም የያዘ ተቃውሞ ለአሜሪካ ምክር ቤት አቀረበ። አልሰሙትም። ሕዝቡ በ1838 በወታደር ኃይል ወደ ምዕራብ ተነዳ፤ ወደ 4,000 የሚጠጉ እንደሞቱ ይገመታል። የገዛ ሚስቱ ኳቲ በጉዞው ላይ፣ ሊትል ሮክ አጠገብ አረፈች።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። በ1844 ሮስ ከዴላዌር የመጣች ሜሪ ስቴፕለር የምትባል ነጭ አገባ። ከእሷ የወለዳቸው ልጆች በጥንቱ ሥርዓት ጎሳ የላቸውም ነበር። ዜጋ ያደረጋቸው በ1825 የወጣ ሕግ ነው፤ ሕጉ ቸሮኪ ወንዶች ከነጭ ሴቶች የወለዷቸውን ልጆች ተቀበለ። ሮስ ራሱ ሊቀ መንበር ሆኖ የመራው ጉባኤ ያወጣው የ1827ቱ ሕገ መንግሥትም ይህንኑ አጸና፤ ለአፍሪካ ዘር ግን በሩን ዘጋ። ሹ ቡትስ የሚባል ቸሮኪ ጦረኛ ባሪያው ከነበረችው ከዶል የወለዳቸው ልጆች ነጻ እንዲወጡለት በ1824 ሸንጎውን ለምኖ ነበር። ሸንጎው ፈቀደለት፤ ከዚያች ሴት ሌላ ልጅ እንዳይወልድ ግን አዘዘው። ሮስም ባሪያዎች ነበሩት። በእናቱ ጎሳ ሙሉ ሰው ሆኖ የተቆጠረው መሪ ለእነዚህ ልጆች ተመሳሳይ ቦታ አላበጀላቸውም። ይህን በደል ሳይነግሩ እሱን ማወደስ ትክክል አይመስለኝም።

ሮስ ነሐሴ 1 ቀን 1866 ዋሺንግተን ውስጥ ሞተ። ከመሞቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የተፈረመው ውል፣ የቸሮኪ ባሪያዎች የነበሩ ሰዎችና ዘሮቻቸው እንደ ማንኛውም ቸሮኪ ሙሉ መብት እንዲኖራቸው ደነገገ። ክርክሩ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቀጠለ። የቸሮኪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እነዚህን ዘሮች ያገለለው «በደም» የሚለው ቃል ከሕገ መንግሥቱና ከሕጎቹ እንዲወጣ የወሰነው በየካቲት 2021 ነው።