ሠዓሊውም ክረምት አለበት
የልጆች መጽሐፍ ሥዕል ለመስከረም የሚደርሰው እንዴት ነው?

ነሐሴ ሲጋመስ የፎገራ ሜዳ ውሃ ነው። ርብና ጉማራ ከደጋው ደለል ተሸክመው ይወርዳሉ፤ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ገበሬው ጭቃ ውስጥ ቆሞ ሩዙን ያርማል። ቡሄ ይመጣል፤ ጅራፍ ይጮኻል። ቀጥሎ ጳጉሜን፣ ቀጥሎ እንቁጣጣሽ፣ ቀጥሎ መስቀል ነው። በዓሉና ሥራው በአንድ ሰሞን ይደራረባሉ።

በዚሁ ሰሞን እንደ ገበሬው የሚጣደፍ ሌላ ሠራተኛ አለ። እሱም ለልጆች መጽሐፍ ሥዕል የሚሥል ሠዓሊ ነው። መሣሪያው ሞፈርና ቀንበር ሳይሆን እርሳስ፣ ብሩሽና ቀለም ነው። ማሳው ወረቀት ነው። አዝመራው የሚደርሰው ትምህርት ቤት ሲከፈት ነው።

«ታዲያ ገበሬን ምን አገባው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ያገባዋል እንጂ! መጽሐፉ የሚደርሰው ከገበሬው ልጅ እጅ ነውና።

ሥዕል የሚጀመረው በማንበብ ነው

ሠዓሊ ብሩሽ ከማንሳቱ በፊት ታሪኩን ያነባል። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ደጋግሞ ነው። ከዚያ በኋላ «ከዚህ ሁሉ ታሪክ የትኛውን ልሣል?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል።

የማሞ ቂሎን ተረት እንውሰድ። እናቱ ስለ አንድ ነገር የመከረችውን ምክር በሌላ ቀን በሌላ ነገር ላይ እየፈጸመ የሚያስቅ ልጅ ነው። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የተባሉ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በ1990ዎቹ ይህን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አድርገው አሳተሙት። ሥዕሎቹን የሣሉት ቦጋለ በላቸው ናቸው። እንዲህ ባለው ተረት የሠዓሊው ድርሻ ቀላል አይደለም። ልጁ ሞኝ እንዲመስል፣ ነገር ግን ክፉ እንዳይመስል ማድረግ አለበት። ያንን የሚያደርገው በቃል አይደለም፤ በዓይን አጣጣል፣ በእጅ አያያዝ ነው።

ቀጥሎ በእርሳስ ንድፍ ያወጣል። ንድፉን ለደራሲውና ለአሳታሚው ያሳያል። «ይህ ይቀየር፤ ያ ይጨመር» ይባላል። አጥፍቶ እንደገና ይነድፋል። ቀለም የሚቀባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የበዓል ሰሞን ውሎ

መጽሐፉ ለመስከረም ይድረስ ከተባለ ቀለም የሚቀባው በክረምት ነው። ክረምት ደግሞ ለሠዓሊ አይመችም። ደመናው ብርሃን ይከለክላል፤ እርጥበቱ ቀለሙ ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋል። ያልደረቀ ቀለም ላይ ሌላ ቀለም ከተጨመረ ይደፈርሳል። ስለዚህ መስኮት ስር ተቀምጦ ጥቂት ይቀባል፤ ይጠብቃል፤ ደግሞ ይቀባል። በኮምፒዩተር የሚሥል ሠዓሊም ቢሆን መብራት ሲጠፋ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ሌላም ሥራ ይመጣል። አንዱ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ያዛል። ሌላው የሱቅ ማስታወቂያ ለበዓሉ ይድረስልኝ ይላል። እምቢ እንዳይል ዓመት በዓል ነው፤ ገንዘብ ያስፈልጋል። ጎረቤቱ ጠላ ይጠምቃል፣ ዳቦ ይደፋል። ዘመድ «ና እንጂ! ምን ሆነህ ቀረህ?» ይላል። እሱ ግን አውድማ ላይ እህሉን በትኖ ዝናብ እንደ መጣበት ሰው ነው፤ ጥሎ መሄድ አይችልም። ሠዓሊዋ ሴት ከሆነች ደግሞ የቤቱም ጣጣ አብሮ አለባት።

የመጨረሻው ፈተና ማተሚያ ቤት ነው። በ1914 ዓ.ም. እንደ ተቋቋመው እንደ ብርሃንና ሰላም ባለ ማተሚያ ቤት የቀለም ሥዕል የሚታተመው በአራት ቀለም ነው። እነሱም ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ናቸው። ቀለማቱ በደቃቅ ነጥብ እየተደራረቡ ይታተማሉ። ሰማያዊና ቢጫ ሲገናኙ አረንጓዴ የሩዝ ማሳ ይሆናሉ። ከአራቱ አንዱ በጥቂቱ ከቦታው ከተዛነፈ ግን የልጁ አፍ ሁለት መስሎ ይታያል። ስለዚህ ሠዓሊው መጽሐፉ በብዛት ከመታተሙ በፊት የሙከራውን ወረቀት አይቶ ያርማል።

«አባዬ፣ ይቺ ላም የኛ አይደለችም»

የፎገራን ላም ያላየ ሠዓሊ ላም ሣል ቢባል ምን ይሥላል? ከሌላ አገር መጽሐፍ አይቶ ሻኛ የሌላትን ላም ይሥል ይሆናል። የፎገራ ልጅ ይህን ሲያይ «አባዬ፣ ይቺ ላም የኛ አይደለችም» ይላል። እውነቱን ነው። የፎገራ ላም ሻኛ አላት። ቀንዷ አጭር ነው። ጥቁርና ነጭ ወይም ጥቁርና ግራጫ ዝንጉርጉር ናት። ይህን ልጁ ከሠዓሊው ይበልጥ ያውቃል።

ሩዙም እንደዚሁ ነው። ሩዝ በሜዳችን የተስፋፋው ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ነው። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከጅግና ነው። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው ወረታ ነው። እንግዲህ የልጁ አባት ሩዝ ሲያርም፣ ታንኳ በጣና ላይ ሲሄድ የሚያሳይ ሥዕል በመጽሐፉ ውስጥ ቢገኝ ልጁ «መጽሐፍ ስለ እኛም ይናገራል» ይላል። ንባብን የሚወደው ያን ጊዜ ነው። ጥሩ ሠዓሊ ከመሣሉ በፊት ወጥቶ የሚያይ፣ ገበሬውንም የሚጠይቅ ነው።

ሥዕል ከፊደል በፊት አስተምሯል

በሥዕል ማስተማር ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከሜዳችን ማዶ በጣና ደሴቶች ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው ያውቀዋል። በ18ኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ግድግዳዋ በሥዕል የተሞላ ነው። በቀድሞ ሠዓሊዎች ልማድ ደጉ ሰው ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉው ሰው ደግሞ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዓይን ይሣላል። ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ሥዕሉን አይቶ ደጉንና ክፉውን ይለያል።

የእንቁጣጣሽ ትንንሽ ሠዓሊዎችስ? በጳጉሜን ወንዶች ልጆች ወረቀትና ቀለም ፈልገው አበባ፣ ፀሐይ፣ መላእክት ይሥላሉ። በእንቁጣጣሽ ጠዋት ሥዕሉን ቤት ለቤት ይሰጣሉ። ሴቶች ልጆች አደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው አበባየሆሽ ይላሉ። የሚሰጣቸው ገንዘብ ለደብተርና ለእርሳስ ይሆናል። የልጁን ሥዕል «ምን ሞነጫጨርክ!» ብለን አንጣል። እርሳስ መያዝ የለመደ እጅ ፊደል ለመጻፍ አይፈራም።

መጽሐፉ ሲደርስ ልጁ የት ነው?

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ጊዜው ክረምት ነበር። ገበሬው አረሙን አርሞ፣ ማታ በኩራዝ ፊደል ቆጠረ። ዘመቻው በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘ። የዓለም የመሠረተ ትምህርት ቀን የሚውለውም ጳጉሜን 3 ቀን፣ እንቁጣጣሽ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው።

ሠዓሊው በዓሉን ሠውቶ መጽሐፉን ለመስከረም አደረሰ እንበል። ልጁ ግን በዚያ ጊዜ ከብት ጥበቃ ላይ ወይም አረም ላይ ከሆነ መጽሐፉ ለማን ይነበባል? መስከረም ላይ ያልተመዘገበ ልጅ ዓመቱን ሙሉ እንዳይቀር ያሰጋል። እጅ እንደሚያጥር እናውቃለን። ግን ለአረምና ለአጨዳ ወንፈል የምንገባ ሰዎች ለልጆቻችንስ ለምን አንገባም? የጎረቤታሞች ከብት በተራ በአዋቂ ቢጠበቅ የሁሉም ልጅ ይማራል።

መጽሐፉ ከቤት ሲገባ እንዲህ እናድርግ። መጀመሪያ ጽሑፉን በእጃችን ሸፍነን ሥዕሉን ብቻ እናሳየው። «ምን ታያለህ? ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሃል?» እንበለው። ከዚያ ጽሑፉን ገልጠን ጣታችንን ከቃሉ ስር እያስኬድን እናንብብለት። ቀስ ብለን ብናነብ አያሳፍርም። ልጁ ቃሉን ባያውቅ ሥዕሉ ይነግረዋል። እኛም ቃሉ ቢጠፋን ሥዕሉ ያስታውሰናል።

ለውይይት

1. በመንደራችን መስከረም ላይ ሳይመዘገቡ የሚቀሩ ልጆች አሉ? ለምን?
2. ከብት በተራ ለመጠበቅ እነማን ከእነማን ጋር መጣመር ይችላሉ?
3. ስለ ፎገራ የልጆች መጽሐፍ ቢሠራ ሠዓሊው ምን ምን እንዲሥል ትነግሩታላችሁ?