የቶካማክ ምርምር፦ ፕላዝማን አምቆ ማቆየት ለምን ይከብዳል?

የኒውክሌር ኃይል ሲነሣ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች እንደ አንድ ሊወሰዱ ይችላሉ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ከሩሲያ ጋር የፈረመችው የኒውክሌር ማመንጫ ዝግጅት ሰነድ ከባድ አቶሞችን በመክፈል የሚገኘውን ኃይል ይመለከታል። ከዚህ በታች የተብራራው ግን ቀላል አቶሞችን በማዋሐድ የሚገኘው ኃይል ሲሆን፣ ገና በምርምር ላይ ያለ ነው።

ውህደት እንዲከናወን ሁለት የሃይድሮጂን ዓይነቶች፣ ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም፣ ወደ 150 ሚሊዮን ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሞቅ አለባቸው፤ ይህም የፀሐይን እምብርት ሙቀት አሥር እጥፍ ያህላል። በዚህ ሙቀት ጋዙ ፕላዝማ ይሆናል። ግድግዳውን ከነካ ራሱ ይቀዘቅዛል፣ ግድግዳውንም ይጎዳል። ስለዚህ የሶቪየት ሳይንቲስቶች በ1950ዎቹ የቀለበት ቅርጽ ያለውን ቶካማክን ሠርተው ፕላዝማውን በማግኔት መስክ ያዙት።

በሮቢትና በቆቦ ሜዳ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በክትር ጠልፎ ማሳውን የሚያጠጣ ገበሬ የችግሩን ጠባይ ያውቀዋል። ጎርፍ አቅጣጫ ይሰጠዋል እንጂ ፊት ለፊት አይቆምም፤ ግፊቱም ክትሩን ይፈትናል። ምሳሌው የሚያገለግለው ግን እስከዚህ ብቻ ነው፤ ፕላዝማ ክትሩን ሳይሰብርም ሙቀቱን በጥቃቅን ሽክርክሪቶች ወደ ውጭ ያሾልካል።

ይህ ሹልክታ ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ አስቸግሯል። ማሞቂያው በተጨመረ ቁጥር ሙቀቱ ፈጥኖ ይጠፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 በጀርመን ጋርሺንግ፣ አስዴክስ በተባለው ቶካማክ ሲሠራ የነበረው ፍሪትዝ ቫግነር ያልተጠበቀ ነገር አየ፤ ማሞቂያው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ በፕላዝማው ጠርዝ ያለው ሁከት በድንገት ረገበ፤ ሙቀቱ የሚቆይበት ጊዜም እጥፍ ያህል ሆነ። ግኝቱ የዛሬው ምርምር መሠረት ነው። ሆኖም የራሱ መዘዝ አለው፤ በጠርዙ የተጠራቀመው ግፊት በየጊዜው እየፈነዳ ግድግዳውን ይመታል። ይህንን ለማርገብ ተጨማሪ ማግኔቶች ይገጠማሉ።

ሌላው መፍትሔ መሣሪያውን ማግዘፍ ነው፤ ሙቀቱ ለመውጣት ረጅም መንገድ ይጓዛልና። በፈረንሳይ እየተገነባ ያለው ኢተር በ50 ሜጋዋት ማሞቂያ 500 ሜጋዋት የውህደት ኃይል ለማግኘት ታቅዷል። በአዲሱ መርሐ ግብሩ መሠረት በዲዩቴሪየምና በትሪቲየም የሚሠራው በ2039 ነው።

እስካሁን የተገኘው ውጤት መጠነኛ ነው። በእንግሊዝ የነበረው ጄት እ.ኤ.አ. በ2023 በአምስት ሰከንድ ገደማ 69 ሜጋጁል አስገኝቷል። ይህ 19 ኪሎዋት የሚወስድ የጉድጓድ ውኃ ፓምፕ በአንድ ሰዓት የሚፈጀውን ያህል ነው፤ ለማሞቂያ የገባው ኃይልም ከዚያ ይበልጥ ነበር። በፈረንሳይ የሚገኘው ዌስት ደግሞ በየካቲት 2025 ፕላዝማን ለ22 ደቂቃ አቆይቷል።

በዛሬው ዕለት በውህደት የመነጨ ኤሌክትሪክ ለደንበኛ የሚሸጥ አገር የለም። ስለሆነም ለመስኖ ፓምፕም ሆነ ለወፍጮ ኃይል የሚፈልጉ የአካባቢው ነዋሪዎች ዕቅዳቸውን አሁን ባለው የኃይል አቅርቦት ላይ መሥርተው፣ ጥያቄያቸውን በአቅራቢያቸው ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ማቅረብ ይኖርባቸዋል።