ካሣው ከቀብሩ ይቅደም

በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት የምትገኘው መንደር 8 ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ሸሽተው በሉግዲ በኩል ድንበር የተሻገሩ ኢትዮጵያውያንን በጊዜያዊነት ተቀብላለች። ብዙዎቹም ከዚያ ወደ ኡም ራኩባና ወደ ጡናይድባ መጠለያዎች ተወስደዋል። በዚህ ዓይነት ጉዞ ሰው ልጁን ያዝላል፤ ውሃውን ያንጠለጥላል። የቅጥር ደብዳቤውን ይዞ የሚወጣው ግን ጥቂቱ ነው። የዚያ ወረቀት ዋጋ የሚታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሰውነት ያለፈውን ሥራ ሒሳብ ሲጠይቅ ነው። ለዚህም ከአስቤስቶስ ብናኝ የሚመጣውን በሽታ አብነት እናደርጋለን።

አስቤስቶስ እሳት የማይበግረው ክር መሳይ ማዕድን ነው። በጣራ ክዳን፣ በውሃ ቧንቧ፣ በቦይለር መሸፈኛና በአሮጌ ተሽከርካሪዎች የፍሬን ሸራ ውስጥ ሲሠራበት ኖሯል። ብናኙን የሚተነፍሰው መካኒክ ብቻ ሳይሆን፣ ቱታውን የምታጥበው ባለቤቱም ለአደጋው የተጋለጠች ናት። ሕመሙ ብቅ የሚለው በአብዛኛው ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው። የሳንባን ሽፋን የሚያጠቃው ሜሶቴልዮማ የተባለው ካንሰር ከታወቀ በኋላ ግን፣ ብዙው ሕመምተኛ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ እምብዛም አያልፍም። በሽታው 40 ዓመት ይታገሣል፤ በሽተኛው ግን የረዥም ክርክር ቀጠሮ የሚጠብቅበት ዕድሜ የለውም።

የዚህን መራራነት የደቡብ አፍሪካ ሠራተኞች ቀምሰውታል። በፕሪስካና በፔንጌ አካባቢ የተጎዱት ኬፕ የተባለውን የእንግሊዝ ኩባንያ ለንደን ላይ ቢከሱም፣ ዓመታት ያለፉት ጉዳዩ በየት አገር ይታይ በሚለው ሙግት ነበር። የጌቶች ምክር ቤት በእንግሊዝ እንዲታይ የፈቀደው በ2000 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ኩባንያው ለ7,500 ያህል ከሳሾች 7.5 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል የተስማማው በ2003 ነው። በመካከሉ በርካታ ከሳሾች አርፈዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

መፋጠን ግን ይቻላል። የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሜሶቴልዮማ ጉዳዮችን በተለየ ፈጣን ሥርዓት ያያል። ሕመምተኛው የሥራ ታሪኩን ካስረዳ፣ የማይጠየቅበትን ምክንያት በአጭር ጊዜ ማሳየት የተከሳሹ ፈንታ ይሆናል። በ2014 የወጣው ሕግ ደግሞ አሠሪውም ሆነ የመድን ድርጅቱ ላልተገኘለት ሕመምተኛ የክፍያ መንገድ ከፍቷል።

በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ በሥራ ምክንያት የሚመጣንም በሽታ ከዚሁ ይቆጥራል። ወታደሩ የሚተዳደርበት ሕግ የተለየ ቢሆንም፣ ለሁሉም የሚያስፈልገው ማስረጃ አንድ ነው፤ የት፣ መቼ፣ ለማን፣ በምን ዕቃ ተሠራ የሚለው።

ስለዚህ ሥራው ከሕመሙ በፊት መጀመር አለበት እንላለን። ሠራተኛው የሥራ ዘመኑን ይጻፍ፤ አብረውት የሠሩትን ስም ይያዝ። ስደተኛ የሚመዘግብ ሰው ስምና የትውልድ ስፍራ ብቻ ጠይቆ አይለፍ፤ ሙያውንና የሠራበትን ቦታ ጭምር ይመዝግብ። ሐኪምም ሳል የያዘውን ሽማግሌ «በጉልምስናዎ ምን ይሠሩ ነበር?» ይበል። ወረቀቱ ድንበር ላይ ቢቀር፣ የባልደረባ ምስክርነት ገና በሕይወት አለ። ምስክሩም ታማሚውም ሳያልፉ ቃላቸው ይጻፍ!