ሙጫው ይዟል ወይ? ሌዘርና የግድግዳ ሥዕሎቻችን

በጎጃም ክብ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱ ሥዕል ብዙ ጊዜ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ በግድግዳው ልስን ላይ በሙጫ የተለጠፈ ነው፤ የዘጌው ኡራ ኪዳነ ምሕረት አንዱ ምሳሌ ነው። ስለዚህ የሥዕሉ ዕድሜ በቀለሙ ብቻ ሳይሆን ከጨርቁ ጀርባ በተደበቀው ሙጫም ይወሰናል። እንዲህ ያለ ሥዕል ከግድግዳ ሊላቀቅ እንደሚችል በ1932 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዊው የማርሴል ግሪዮል የጥናት ቡድን በጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን አሳይቷል፤ ዋናዎቹን አንሥቶ ወደ ፓሪስ ወሰደ፣ በምትካቸው ቅጂ ተወ። ያንኑ ሥራ ክረምት በዝግታ ይሠራዋል። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው ዝናባማ አገር ጣሪያው ያፈሰሰ ደብር ሁሉ ይህ ስጋት አለበት።

የተደበቀውን መላቀቅ ሳይነኩ ለማየት መንገዱ የተከፈተው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው፤ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ፓወልና ስቴትሰን የሌዘር ሆሎግራም የአንድን ገጽ እጅግ ጥቃቅን እንቅስቃሴ በመስመር መልክ እንደሚያሳይ አስተዋሉ። በ1974 ደግሞ ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች ዘዴውን በእንጨት ላይ በተሣሉ ጥንታዊ ሥዕሎች ሞከሩት። ኋላ የመጣው ሺሮግራፊ የተባለ የሌዘር ዘዴ ንዝረትን የበለጠ ስለሚቋቋም ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ለጎማና ለአውሮፕላን ምርመራ ዋለ። አሠራሩ ይህ ነው፦ ገጹ በሌዘር ይበራል፣ ካሜራው ይቀዳዋል፤ ከዚያ ጥቂት ይሞቃል ወይም የአየር ግፊቱ በትንሹ ይቀነሳል፣ እንደገናም ይቀዳል። ሙጫው የለቀቀበት ቦታ ከአካባቢው በተለየ መጠን ያብጣል፤ ልዩነቱ የሚሊ ሜትር ሺሕኛ እንኳ ሳይሞላ በምስሉ ላይ ይወጣል።

ብርቱው ተቃውሞ ከዚሁ ይነሣል። ጨርቁና ልስኑ ተነካክተው ሳይጣበቁ ከቀሩ፣ ወይም ሙጫው ደክሞ ገና ካልለቀቀ፣ ምስሉ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። የአውሮፕላን መሐንዲሶች በዚህ ሲቸገሩ ኖረዋል። በ1988 የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በበረራ ላይ ሳለ የጣሪያው ክፍል ተገንጥሎ ሲሄድ ከምክንያቶቹ አንዱ የመጋጠሚያው ሙጫ መልቀቅ ነበር። የሙጫን ጥንካሬ ለመለካት በኃይለኛ የሌዘር ምት የሚፈትን ሌላ ዘዴ አለ፤ ነገር ግን ደካማውን ማጣበቂያ መልቀቅ አለመልቀቁን የሚያውቀው በመጎተት ነውና ለሥዕል አይሆንም። እኔ ግን ተቃውሞው ሌዘርን የሚጥለው በአንድ ምስል ፍርድ ለሚሻ ሰው ነው እላለሁ። ያው ግድግዳ ሰኔ ላይ፣ ከዚያም መስከረም ላይ ቢቀዳ የሰፋው ቦታ ይታወቃል፤ ለጠጋኙ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገውም የትኛው እንደሚሰፋ ማወቁ ነው።

በጣት ማንኳኳት አይበቃም ወይ? ለጠንካራ ልስን ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ የልምድ ጆሮን የሚንቅ መሣሪያ ሻጭ አይታመንም። ቀለሙ የሚረግፍ ሥዕል ላይ ግን ጣት ራሱ ጉዳት ነው። የባለሙያ ጉዳይም እንደሚባለው ባዶ አይደለም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 ተረክቧል፣ የዚህ አውሮፕላን አካል በክብደት ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት፣ ማለትም በማጣበቂያ የተያያዘ የቃጫ ንብርብር ነው፤ በቦሌ የጥገና ማዕከሉም ሳይፈቱና ሳይቆርጡ መመርመር የዘወትር ሥራ ነው። የዋጋው ጥያቄ ግን ይከብዳል፣ ለአንድ ደብር የማይታሰብ ነው። መሣሪያው ለክልሉ ቅርስ ጥበቃ አንድ ሆኖ ቢዞር ይሻላል፤ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ደግሞ የጣሪያው ቆርቆሮ ይቅደም።